«ስፑክ»፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ የመንፈስ ቃል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኦክቶበር በገባ ቁጥር ይሄ ቃል ከየአቅጣጫው ይመጣል። ልጆች «ስፑኪ ዊክ» የሚል ወረቀት ከትምህርት ቤት ይዘው ይመጣሉ፣ ሱቁ በሩ ላይ ይለጥፈዋል፣ ቴሌቪዥኑም ይደጋግመዋል። ያኔ ጥያቄው ይጀምራል። እህቴ ትጠይቀኛለች፣ ጓደኞቼ ይጠይቁኛል፣ በቴሌግራም የማላውቃቸው ሰዎችም ይጽፉልኛል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጊዜ አጥሯችሁ አንዱን ብቻ የምታነቡ ከሆነ ስለ ስድቡ የሚለውን አንብቡ።

ስፑክ በአጭሩ ምን ማለት ነው?

መንፈስ ማለት ነው። የሞተ ሰው መንፈስ፣ ሌሊት የሚታይ፣ ሰው በሌለበት ቤት የሚንኮሻኮሽ። ቀለል ያለ የንግግር ቃል ስለሆነ ቄስ በስብከቱ አይጠቀምበትም፣ ልጆች ናቸው የሚወዱት። ግስ ሲሆን ማስደንገጥ ይሆናል። «ስፑኪ» ሲባል ደግሞ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ግን ማንኛውም የሚያስፈራ ነገር አይደለም። አንበሳ ፊት ለፊት ቢመጣባችሁ ስፑኪ አይባልም። መብራት ጠፍቶ፣ ቤት ውስጥ ብቻችሁን ሆናችሁ፣ የጓዳው በር በራሱ ጊዜ ሲጢጥ ሲል ፀጉራችሁ ከቆመ፣ እሱ ነው ስፑኪ። ምን እንደሆነ የማታውቁት ነገር የሚያመጣው ፍርሃት ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ሰላይ ነው። ሌላው ጥቁር ሰዎችን የሚዘልፍ ስድብ ነው። ወደ ሁለቱም እመጣለሁ።

ከየት መጣ? የእንግሊዝ ቃል ነው?

አይደለም። ከደች ነው የመጣው፣ ከሆላንዶች ቋንቋ። እነሱ «ስፖክ» ብለው ነው የሚጠሩት፣ ፊደሉ ግን አንድ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባውም በለንደን ሳይሆን በአሜሪካ በኩል ነው፤ ይሄን ሳውቅ በጣም ነበር የገረመኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዛሬ ኒው ዮርክ የምንለው ከተማ መጀመሪያ የደቾች ነበር። በ1620ዎቹ መጥተው ሰፈሩ፣ ስሙንም ኒው አምስተርዳም አሉት። በ1664 እንግሊዞች መጥተው ወሰዱትና ስሙን ቀየሩት። ስሙ ተቀየረ እንጂ ሰዉ የትም አልሄደም። በሃድሰን ወንዝ ዳርና ዳር ባሉ የገበሬ መንደሮች ደች ከመቶ ዓመት በላይ የቤት ቋንቋ ሆኖ ቀረ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ያባብሉበት፣ በሱው ያስፈራሩበት ነበር። በ1782 ኪንደርሁክ በምትባል መንደር የተወለደው ማርቲን ቫን ቢዩረን አፉን የፈታው በደች ነው፤ በኋላ ስምንተኛው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሆኗል። እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የተማረ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት እሱ ብቻ ነው። እዚህ አገር ልጆቻችንን በአማርኛ ለምናሳድግ ሰዎች ይሄ ደስ የሚል ወሬ ነው።

እንግዲህ ከነዚያ ቤቶች የወጡ ቃላት ናቸው ወደ አሜሪካ እንግሊዝኛ የገቡት። የሚበላው «ኩኪ» ከደች ነው። አለቃ የምንለው «ቦስ» ከደች ነው። «ሳንታ ክሎስ»ም እንደዚሁ፣ ብሩክሊንና ሃርለም ደግሞ የሆላንድ ከተሞች ስም ናቸው። ስፑክ አብሯቸው መጣ። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ መታየት የጀመረው በ1801 ነው፣ «ስፑኪ» ደግሞ በ1854። ብዙ ሰው የጥንት የእንግሊዝ ቃል ይመስለዋል፣ ከሌላው የእንግሊዝኛ የመንፈስ ቃል፣ ከ«ጎስት» አጠገብ ሲያስቀምጡት ግን ገና ትናንት የመጣ ነው።

ዘመዶቹ በሌሎች ቋንቋዎች የት አሉ?

ሰሜን አውሮፓ በሙሉ አለ። ጀርመኖች «ሽፑክ» ይላሉ፣ ስዊድኖች «ስፖከ» በሚመስል አጠራር ይጠሩታል። በዴንማርክ የቃሉ ዘመድ ቀልድ ማለት ሆኗል፣ ያው ከማስፈራራት ወደ ማሾፍ ብዙም ሩቅ አይደለም። ከነዚህ ቋንቋዎች በፊት ሥሩ ከየት እንደመጣ ግን የቋንቋ ሊቃውንት አልተስማሙም።

ሆላንድ የምትኖሩ ደግሞ ቃሉን መንገድ ላይ ሰምታችሁታል። በአውራ ጎዳና በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዳ ሰው «ስፖክራይደር» ይባላል፣ መንፈስ ነጂ እንደማለት። ሬዲዮ ላይ ይሄን ቃል ስትሰሙ መንፈስ ስለሌለበት አትሳቁ፣ ወደ ቀኝ ያዙና ቀስ ብላችሁ ንዱ።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን የደቡብ አፍሪካውን ነው። በአፍሪካንስ ቋንቋ ያቺ እንደ ጥጥ የተፈተለች፣ አፍ ውስጥ ስትገባ ብን ብላ የምትጠፋው ሮዝ የስኳር ከረሜላ «ስፖክአሰም» ትባላለች። የመንፈስ ትንፋሽ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም የሚወጣላት አይመስለኝም።

ከ«ጎስት» በምን ይለያል?

በዕድሜም በክብደትም። ጎስት የእንግሊዝኛ የራሱ ጥንታዊ ቃል ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ጋስት» ነበር የሚባለው፣ ትንፋሽም፣ ነፍስም፣ መንፈስም ማለት ነበር። እዚህ ላይ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቆም ማለት አለበት። እኛም እኮ ነፈሰ፣ ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ እያልን ከአንድ ሥር ነው የምናወጣው። የሚነፍሰው አየር፣ በውስጣችን ያለችው ነፍስ፣ የማይታየው መንፈስ፣ ሦስቱም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሁለት ምንም ዝምድና የሌላቸው ሕዝቦች ትንፋሽን አይተው ወደ አንድ ሐሳብ ደረሱ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚቆመው ትንፋሹ ስለሆነ ይመስለኛል።

ለዚህም ነው በ1611 በታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ መንፈስ ቅዱስ «ሆሊ ጎስት» ተብሎ የምታገኙት። ጌታ በመስቀል ላይ «ነፍሱን አሳልፎ ሰጠ» የሚለውንም «ጎስቱን ሰጠ» ብለው ነው የተረጎሙት። ጎስት ያኔ ክቡር ቃል ነበር። በኋላ ነው የሞተ ሰው ምትሃት የሚለው ትርጉም እየገነነ ሄዶ አብያተ ክርስቲያናት ወደ «ሆሊ ስፒሪት» የዞሩት። ስፑክ ግን እንደዚህ ዓይነት ክብር ኖሮት አያውቅም። ከጅምሩ የማስፈራሪያ ቃል ነው፣ ትንፋሽና ነፍስ የሚል ጥልቀት የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎስት ሲጻፍ መሃል ላይ ያለችው የማትነበበዋ «ኤች» ከየት መጣች ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አለ። እሷም ከዚያው ከደች ሰፈር ናት። ዊልያም ካክስተን የሚባለው የመጀመሪያው የእንግሊዝ አታሚ ማተሚያ ቤቱን በ1476 ዌስትሚንስተር ከመክፈቱ በፊት ብሩዥ ነበር የሚሠራው፣ ዛሬ ቤልጅየም ውስጥ ባለችው ከተማ። የዚያ አገር ሰዎች ቃሉን በ«ኤች» ስለሚጽፉት ልማዷ አብራ ተሻገረች፣ በዚያው ቀረች።

ፈረሱ «ስፑክድ» ሆነ ሲባልስ? ፈረስ መንፈስ ያያል?

ደነበረ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም ምስጢር የለውም። አማርኛችን ለዚህ ከእንግሊዝኛው የቀደመ ቃል አለው። በቅሎ ነፋስ ባነሳው ላስቲክ ትደነብራለች፣ ከብት በነጎድጓድ ይደነብራል። «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» ስንል የምናያት በቅሎ በእንግሊዝኛ ስፑኪ ናት። በአሜሪካ ምዕራብ ከብት ጠባቂዎች ቃሉን ለከብትና ለፈረስ አዘውትረው ይጠቀሙበታል፣ ከዚያ ለሰውም ሆነ፣ አሁን የገንዘብ ገበያው እንኳ በመጥፎ ዜና «ስፑክድ» ሆነ ይባላል። ዜና የምትተረጉሙ ልጆች፣ እባካችሁ «ገበያው መንፈስ ያዘው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ደነበረ በሉ፣ ሰው ይገባዋል።

ሰላይ ለምን ስፑክ ተባለ?

መንፈስ ሳይታይ ይገባል፣ ሳይታይ ይወጣል። ሰላይም እንደዚያው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል፣ በ1942 አካባቢ ነው ይሄ ትርጉም በጽሑፍ የመጣው። ሲአይኤ ራሱ የተቋቋመው በ1947 ስለሆነ ቃሉ ከድርጅቱ ይቀድማል። ዛሬ ጋዜጠኞች የስለላ ሰዎችን በብዛት «ስፑክስ» ይሏቸዋል፣ ሰላዮቹም በዚህ ቅር አይላቸውም። እኛ «ጆሮ ጠቢ» ስንል ውስጡ ንቀት አለ፣ የእንግሊዝኛው ግን ንቀት የለበትም። ስለዚህ አንዱን በሌላው ስትተረጉሙ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ስድብ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ይሄው ጥያቄ ነው።

ከመጣ ሦስት ወሩ የሆነ የአክስቴ ልጅ ነበር እኛ ቤት። በሃሎዊን ማታ፣ ልጆች የመንፈስና የመሳሰለውን ልብስ ለብሰው ከቤት ቤት ከረሜላ በሚለምኑበት በዓል፣ ከረሜላውን እሱ ያድል ብለን በር ላይ አቆምነው። በጣም ደስ ብሎታል፣ ለመጣው ልጅ ሁሉ የሚለውን ያገኛል። ከወዲያ ማዶ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አፍሪካዊ አሜሪካዊ ጎረቤታችን የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ነጭ አንሶላ ተከናንቦ ሁለት ቀዳዳ ለዓይኑ ተበጅቶለታል፣ አንሶላው እግሩ ስር እየገባ ያደናቅፈዋል። የአክስቴ ልጅ ጎንበስ ብሎ፣ በቀን የተማረውን ቃል አውጥቶ፣ «እንዴት ያለ ቆንጆ ስፑክ ነው!» አለው። እኔ ከኋላ ነበርኩ። የሽማግሌው እጅ የልጁን ትከሻ ጠበቅ ሲያደርግ አየሁ። ምንም አላሉም። አክሰንቱን ሰሙ፣ ፊቱን አዩ፣ ገባቸው መሰለኝ፣ ቆይተው ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይሄን ቃል ለጥቁር ልጅ አይሉም» አሉት። እሱም ጥቁር ነው፣ ሰደብኩ ብሎም አላሰበም። ሌሊቱን በሙሉ እንቅልፍ አልወሰደውም። በነጋታው ድፎ ዳቦ ይዘን ሄደን ይቅርታ ጠየቅን፣ ሽማግሌውም አስቀምጠው ነገሩን።

ነገሩ ይሄ ነው። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቃሉ ጥቁር ሰውን ለማንቋሸሽ ይነገራል። አመጣጡን ብዙዎች ከቆዳ ቀለም ጋር ያያይዙታል፣ በጨለማ አይታይም ለማለት። እንደዚህ ሲሰሙት አስቀያሚ ነው፣ የሰውን ልጅ የማይታይ ጥላ ማድረግ ነውና።

ግን አንድ ሌላ ምዕራፍ አለው፣ ለእኛም ቅርብ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የአሜሪካ ጦር ጥቁር አብራሪ አያሠለጥንም ነበር። በ1941 አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በሚባል ቦታ ሥልጠና ተጀመረ፣ ጦርነቱ እስኪያበቃና ጥቂት እስኪያልፍ ድረስ ወደ 1000 የሚጠጉ ጥቁር አብራሪዎች ወጡበት። የጀርመን አየር ኃይል ሉፍትቫፈ ይባላል። የተስኪጊ ልጆች ስድቡን ከስሙ ጋር ገጥመው ራሳቸውን «ስፑክቫፈ» አሉ። ሰዎች ሊያዋርዷቸው የወረወሩባቸውን ቃል አንስተው የጀግና ስም አደረጉት።

ቅርብ ነው ያልኩት በዚህ ነው፦ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ እዚያው ተስኪጊ የተማረ ሰው ነበር። በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ቺካጎን ትቶ አዲስ አበባ መጣ፣ ኮሎኔል ሆኖ የንጉሠ ነገሥቱን ጥቂት አውሮፕላኖች በጦርነቱ መራ። ለተስኪጊ አብራሪዎች መንገድ የጠረገ ተብሎም ይከበራል። ከጦርነቱ ዘመን በኋላም ተመልሶ የእኛን አብራሪዎች ሲያሠለጥን ቆይቶ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ እዚያው አዲስ አበባ ሞተ። ያንን ስድብ የተሸከሙት ሰዎች ለእኛ ባዕድ አይደሉም፤ ከመካከላቸው ስለ እኛ የበረረ አለ።

ስለዚህ ራሳቸው ተጠቀሙበት ብሎ እኛም እንጠቀምበት አይባልም። የነሱ ነው።

ታዲያ «ስፑኪ» ማለትም ይቅር?

አይቅር። ቤት ስፑኪ ነው፣ ፊልም ስፑኪ ነው፣ «ስፑኪ ሲዝን» ማለትም ምንም ችግር የለውም። ሰው ሲያስደነግጣችሁ «ስፑክ አደረግከኝ» ማለትም ይቻላል። ችግሩ ሰውን «ስፑክ» ብሎ መጥራት ላይ ነው፣ በተለይ ጥቁር ሰውን። ለዕቃና ለቦታ በሉት፣ ለሰው አትበሉት። ልጅ አንሶላ ተከናንቦ ከመጣ «ጎስት» አለላችሁ፣ ማንንም አይጎዳም።

ልጆቻችሁ ሃሎዊን ያክብሩ አያክብሩ የሚለው የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው፣ እኔ አልገባበትም። ቀኑ ኦክቶበር 31 ነው፣ በእኛ ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 21 ማርያም ላይ ይውላል፣ ስለዚህ ጸበል ጸዲቅ ቀምሰው ወደ ከረሜላው የሚሮጡ ልጆች አውቃለሁ።

አይንስታይን «ስፑኪ» ብሏል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን በጀርመንኛ ነው ያለው። በማርች 1947 ለጓደኛው ለማክስ ቦርን በጻፈው ደብዳቤ ላይ ነው። የኳንተም ፊዚክስ እንደሚለው አብረው የተጣመሩ ሁለት ቅንጣቶች ቢለያዩ፣ አንዱ እዚህ ሌላው ከተማ ማዶ ቢሆን፣ የአንዱ ልኬት ከሌላው ልኬት ጋር ተገጣጥሞ ይገኛል፣ ርቀቱ ምንም አያግደውም። አይንስታይን ይሄን መቀበል አልቻለም። ፊዚክስ ከሩቅ ከሚሠራ ሽፑክ የጸዳ መሆን አለበት ብሎ ጻፈ። ደብዳቤዎቹ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎሙ ቃሉ «ስፑኪ» ሆነ፣ ዓለምም ያዘው።

የሚገርመው ተፈጥሮ ከአይንስታይን ጋር አልተስማማችም። አላን አስፔ፣ ጆን ክላውዘርና አንቶን ዛይሊንገር ነገሩን በሙከራ አሳይተው በ2022 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። በዚህ መንገድ መልእክት መላክ ግን አይቻልም፣ ዩቲዩብ ላይ ይቻላል የሚሏችሁን አትመኑ።

በአማርኛ ምን ብዬ ልተርጉመው?

እንደ ቦታው። አንድ ቃል ብቻ ይዛችሁ ለሁሉም ልትጠቀሙበት አትሞክሩ። ስሙን «መንፈስ» ወይም «ጣረ ሞት» በሉት። «ጭራቅ» አይሆንም፣ ጭራቅ ሥጋ ለባሽ ነው፣ ሰው ይበላል። «ዛር»ም አይሆንም፣ ዛር ሰው ላይ የሚወርድ የራሱ ስም፣ የራሱ ፍላጎት ያለው ነው፤ ስፑክ ምንም አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ይታያል። ለፈረስና ለገበያ «ደነበረ»፣ ለስለላ ሰው «ሰላይ» በሉ።

«ስፑኪ» ብዙ አስቸግሮኛል። «አስፈሪ» ይከብዳል፣ አንበሳውንም ይጨምራል። «ጭር ያለ» ትክክል ነው ግን ፍርሃቱ ይጎድለዋል። መልሱን ያገኘሁት ከእናቴ ነው። ባለፈው ዓመት ልትጠይቀን መጥታ፣ የምንከራየው ቤት ስንፈልግ አንድ አሮጌ ቤት አብራን ገባች። ወለሉ ይንቋቋል፣ ምድር ቤቱ መብራት የለውም፣ ልጄ እጄን ይዛ «ማሚ፣ ስፑኪ ነው» አለችኝ። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ደረጃው ላይ ቆመችና «ውጡ ልጆቼ፣ ይሄ ቤት ይከብዳል» አለች።